አውድማው ላይ የተነጠፈው ሰሌን

ልጆቼ ሐዋሳ ነበር ያማራቸው። የክፍላቸው ልጆች በግማሽ ዓመቱ እረፍት ሐይቅ ዳር ተዝናንተው፣ ፎቶ ተነስተው ስለሚመጡ «እኛስ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ገና ፈተና ሳይጀምሩ ቤቱን ሞላው። «እናንተ ዘንድሮ ተራራ ትወጣላችሁ» አልኳቸው። ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ምላሷ ቁርጥ የእኔ ነው። «ተራራማ ነቀምቴም ሞልቷል፣ ለዚህ ደግሞ መኪና ያሳፍራል?» አለችኝ። ባሌ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አቅማችን የሚፈቅደው እሱኑ ብቻ ነበራ!

ባሌ የአርጆ ልጅ ነው። የሟች እናቱ ቤት ከተማው ዳር ተዘግቶ ስለሚኖር ለማደሪያ አናስብም። ብርድ ልብስ፣ ሽሮ፣ ድንች፣ አንድ ሰሌንና ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ይዘን በሚኒባስ ወጣን። ማዳበሪያው ለምን እንደሆነ ልጆቹ ቢጠይቁን ቢጠይቁን አልነገርናቸውም።

አባዬንም ይዘናቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ጉዞው ከልጆቹ ይልቅ ለእሳቸው የታሰበ ነው። አባዬ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ኪራሙ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። እዚያው ጎጆ ቀለሱ፣ እዚያው እኔን ወለዱ፣ እናቴንም እዚያው ቀበሩ። አገር ሲታመስ ጊዜ ግን ሁሉን ጥለው ወጡ። ኦሮሞ ጎረቤታቸው ከፊት እየቀደመ መንገድ ድረስ ሸኛቸውና ነቀምቴ፣ እኔ ቤት ገቡ።

ገቡ ማለት እንኳን ይከብደኛል። በር አጠገብ ካለችው ወንበር አይነሱም። ቀኑን ሙሉ ጫማቸውን አያወልቁም። «አባዬ፣ እግርዎ ይናፈስ እንጂ» ስላቸው «መንገዱ የተከፈተ እንደሆን ብዬ ነው» ይሉኛል። የገዛሁላቸው ልብስ ቁም ሣጥን ገብቶ አያውቅም፤ በፌስታል አስረው ራስጌያቸው ያኖሩታል። እራት ሳቀርብላቸው ሁለት ጊዜ ይጎርሱና «ለእንግዳ ይህን ያህል አትድከሚ፣ እቴ» ይላሉ። እንግዳ! ልጃቸው ቤት! ይህቺ ቃል ምን ያህል እንደምታንገበግበኝ የሚያውቅ ባሌ ብቻ ነው። ሰውነታቸው እያለቀ ሄደ፤ ሐኪም ቤት ብወስዳቸው ምንም የለባቸውም ተባልኩ። አንድ ቀን አፋቸውን ሞልተው «ቤቴ» ቢሉልኝ ይበላሉ፣ ይድናሉ እያልኩ ነበር የምኖረው።

አርጆ እንደደረስን የማዳበሪያው ነገር ተገለጠ። የጥር ሣር ደርቆ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ባሌ ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው ማዳበሪያው ላይ ቁጭ አለና ከኮረብታው ጫፍ ቁልቁል ለቀቀው። ልጆቹ ጮኹ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ትልቋ ስልኳን ረሳችው። እኔም «ነውር ነው» ስል ስል ቆይቼ ቀሚሴን ሰብስቤ ተቀመጥኩ፤ ባሌ ከታች ሆኖ ሊቀበለኝ ቢሞክር ሁለታችንም ተያይዘን ተንከባለልን። ወይ ጉድ! ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ አልሳቅንም። ማታ ማታ ድንች ፍም ውስጥ ቀብረን እየጠበስን እንቆቅልሽ እንጠያየቃለን፤ ቀን ቀን የዴዴሳን ቆላ ቁልቁል እያየን የወፍ ዓይነት እንፈልጋለን። ይህ ሁሉ ከኪሳችን ያስወጣን ነገር የለም። አባዬ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪራሙ ያያሉ። ልጆቹ ሲስቁ ፈገግ ይላሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ያንኑ ማየት ነው። ተስፋ ቆረጥኩ።

ልንመለስ ስንል ምሳችንን ሜዳ ላይ እንብላ ብለን ከከተማው ወጣ አልን። ልጆቹ ሰሌኑንና ዳቦውን ተሸክመው ሮጡ። እኔና ባሌ አባዬን በመሐል አድርገን ቀስ እያልን ስንደርስ ሰሌኑ ተነጥፏል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ትንሹ ልጄ ጫማውን እንዳደረገ ይፈነጥዛል። ያገኙት ቦታ ክብ ነው፤ ለጥ ያለ፣ አንዲት ኮረት የሌለበት።

«እማ፣ ነይ እይ! ሰው ለሽርሽር ብሎ የሠራው ነው የሚመስለው!» አለች ትልቋ።

አጠገቡ የስንዴ ክምር ቆሟል። ልጆቼ የተቀመጡት በእበት ተለቅልቆ የተዘጋጀ አውድማ ላይ ነበር። በእኛ ዘንድ አውድማ በጫማ አይረገጥም፤ እህሉን ራሱን እንደመርገጥ ነው የሚቆጠረው። የገበሬ የልጅ ልጆች ሆነው ይህን አያውቁም፤ ከየት ይወቁት?

እኔ አፌን ሳልከፍት አባዬ ጮኹ። «ውረዱ! ኧረ ውረዱ ከአውድማው! በጫማ ይረገጣል?»

ልጆቹ ክው ብለው ቀሩ። እኔም ደነገጥኩ፤ ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! አባዬ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። እዚያው ሣሩ ላይ ጣሉትና በባዶ እግራቸው ገቡ። ሰሌኑን ጠቀለሉ፤ ተንበርክከው የዳቦውን ፍርፋሪ እየለቀሙ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ሰበሰቡ።

በዚህ መሐል ባለ አውድማው በሬዎቹን እየነዳ መጣ። አሁን ጉድ ፈላ አልኩ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ማንስ ቢሆን ለእህሉ ያዘጋጀውን ቦታ ሰው ሲጫወትበት ቢያይ ይናደዳል። ባሌ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደፊት ሲል አባዬ ቀደሙት። «ዲፋማ» አሉ፣ ይቅርታ። ቀጥለውም በዚያ ጥርት ባለ ኦሮምኛቸው ልጆቹ የከተማ ልጆች ናቸው፣ ጥፋቱ ያላስተማርናቸው የእኛ የትልልቆቹ ነው እያሉ ለመኑት። ከኪራሙ ከወጡ ወዲህ ኦሮምኛ ከአፋቸው ሲወጣ መስማቴ ነው። ከአገሩ ጋር ቋንቋውንም የተዉት መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ባዶ እግራቸውን አየ። ጋቢያቸው ላይ ያለውን ፍርፋሪም አየ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፋ። «አካም ጅርቱ፣ አባ» አለ፣ እንደምን አሉ ማለቱ ነው፤ በሁለት እጁ ጨበጣቸውና ገለባ የሚያገላብጥበትን መንሽ ሰጣቸው። «ኮታ» አላቸው፣ ኑ፣ እንውቃ።

ሽርሽራችን በዚህ አለቀ፤ ወይም ጀመረ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ከበሬዎቹ ኋላ ይዞሩ ጀመር፤ ባሌ ነዶ ያቀብላል፣ እኔ እጠርጋለሁ። አባዬ በሬዎቹን በወሎ ዜማ ሲጠሯቸው በሬዎቹ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ ባለ አውድማው በሳቅ ፈነዳ፤ አባዬም አብረው ሳቁ። ጀርባቸው ቀና ብሏል። እሰይ፣ እሰይ አልኩ በልቤ፤ አባቴ ተመለሱልኝ።

ፀሐይ ዘወር ስትል የሰውየው ሚስት ቂጣና እርጎ ይዛ መጣች። ዙሪያውን ተቀምጠን በላን። አባዬ ጨርሰው ደገሙ። ሰውየው አብሮት የበላን ሰው ማን ብሎ እንደሚያስታውስ ማወቅ ፈለገ መሰለኝ፣ «አገርዎ ወዴት ነው?» አላቸው።

አባዬ እርጎውን አስቀመጡ። የተወቃውን ስንዴ አዩት። ከዚያ «ኪራሙ ነበርኩ» አሉ በኦሮምኛ። «እንደ ዘንድሮው እንዳንተ እህል፣ የዚያን ጊዜ የእኔም እህል ጥሩ ነበር። ክምሬን ሳልወቃ ነው የወጣሁት። አሁን ነቀምቴ ነኝ፤ ቤቴ ልጄ ቤት ነው።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ስንት ጊዜ የለመንኩት ቃል ይኸው መጣልኝ፤ እኔ ግን ብድግ ብዬ ክምሩ ጀርባ ሄድኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አባዬ እመለሳለሁ ብለው ሲጠብቁ እኮ የተወለድኩበት ቤት በሩ ተዘግቶ፣ ጓሮው ለምልሞ የቆመ ይመስለኝ ነበር። መጠበቁን ለእሳቸው ትቼላቸው ነበር፣ ለካ እኔም አብሬ እጠብቅ ኖሯል። እሳቸው ሲተዉት እኔም ቤቴን አጣሁት።

ትልቋ ልጄ ተከትላኝ መጣች። «እማ፣ አባዬ ‹ቤቴ ልጄ ቤት ነው› አሉ እኮ! ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

«ደስ ብሎኝ ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር።