ያሻሻልሁት ፊልም

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከኢንጅባራ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። በወጣትነቴ ያየሁት፣ ከሌላ ዓለም ስለመጣው ሰው የሚያወራው ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጥቷል አለኝ። አየሁት። ድሮ ውሃ ፍለጋ የመጣው ምስኪን እንግዳ አሁን ጥርስ አውጥቶ ከተማ ያቃጥላል። አንድ ነገር ሳይፈነዳ ሰው አፉን አይከፍትም። እንዲህ ያለውን የሚሠሩት የራሳቸው ሐሳብ ያለቀባቸው፣ የሰውን መነካካት ግን የማያሳፍራቸው ናቸው።

«አሻሽለውት እኮ ነው፣ አባባ» አለኝ።

ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔም አንድ ጊዜ አሻሽያለሁና።

ዳንግላ አዲስ የተመደብሁ አስተማሪ ነበርሁ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እንደ ደረቀ አንድ ባለፊልም በመኪና መጣ። በገበያ ቀን፣ የእህል መጋዘኑን መስኮቶች በጆንያ ደፍኖ፣ አቡጀዲ ወጥሮ ያሳይ ጀመር። መጋዘኑ ኑግና በርበሬ ይሸት ስለነበር ግማሹ ሰው እያስነጠሰ ነው ያየው። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። የመጋዘኑ ጠባቂ አያ ጀምበሬ ከአቡጀዲው ጎን ቆመው መተርጎም ያዙ። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም!

«አገሩ ውሃ ደርቆበት ነው የመጣ» አሉ፤ በአገውኛም ደገሙት። «ከላይ ሆኖ የዘንገናን ሐይቅ አይቶ ነው የወረደ።»

እንግዳው ሰፌድ ከመሰለው መንኮራኩር ሲወጣ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር!» ብለው አያ ጀምበሬ ስለ እንግዳው መለሱ።

ወታደሮቹ ጠመንጃ ሲያነሱበት ከግምጃ ቤት ከተማ ለገበያ የመጣች አንዲት በርበሬ ሻጭ፣ «ኧረ አንድ ቅል ውሃ እንኳ ስጡት!» ብላ ጮኸች። እኔ ግን በሰዉ አፈርሁ። ተምሬያለሁ አይደል!

ባለፊልሙ በሳምንቱ ከባሕር ዳር ሲመለስ አስፈቀድሁና ደብተሬን ይዤ ቀረብሁ።

«አያ ጀምበሬ፣ ዛሬ እርስዎ ይረፉ። ፊልሙ በትክክል ይተርጎም።»

«እናንተ የተማራችሁ ታውቃላችሁ» ብለው ቦታውን ለቀቁልኝ፤ በሩ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

ቃል በቃል ተረጎምሁ። የመንኮራኩሩን ፍጥነት እንኳ አላስቀረሁም። እንግዳው ሲወጣ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ተነሣ።

«ተቀመጡ!» አልሁ። «ሰው አይደለም፤ አቡጀዲ ላይ ያረፈ ብርሃን ነው።»

ተቀመጡ። እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ገበያቸው ወጡ። ፊልሙ ሲያልቅ የቀረነው እኔ፣ ባለፊልሙና አያ ጀምበሬ ብቻ ነበርን። እሳቸውም ጆንያውን ከመስኮት እያወረዱ፣ «ምነው ልጄ፣ እንግዳውን እንደ ቆመ ተውኸው?» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም በመጣ ቁጥር ሰዉ ቢለምናቸውም «የተማረ አለ» እያሉ እንቢ አሉ፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸውም አረፉ።

«እሺ፣ የድሮው ታሪኩ ምን ነበር? ይንገሩኝ» አለኝ የልጅ ልጄ።

ነገርሁት። ስልኩን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። የነገርሁት ሁሉ ግን የአያ ጀምበሬ ነው፤ ከራሴ ትክክለኛ ትርጉም አንዲት ቃል ትዝ አላለኝም።