በወረታ መናኸሪያ ጎን የበላሁት ፓስታ

ወረታ የተመደብኩት መንግሥት ከተለወጠ በአራተኛው ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት መምህር ነበርኩ። ወጥ መሥራት አላውቅም፤ የተከራየኋት ክፍልም ከአልጋዬ በቀር ሌላ ነገር አታስገባም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የከተማውን የመንገድ ዳር ምግብ ሁሉ ቀመስኩ።

ከጎንደርና ከባሕር ዳር የሚመጡት መኪኖች በሚቆሙበት አካባቢ ሴቶች በላስቲክ ጥላ ሥር ከሰል አቀጣጥለው ፓስታና መኮረኒ ይሸጡ ነበር። አንዷ መኮረኒውን ከድንች ጋር ቀቅላ በርበሬ ታለብሰዋለች። ሌላዋ ፓስታውን በእጇ ሰባብራ ከፎገራ ሩዝ ጋር ትቀላቅለዋለች፤ ሲወጣ ገንፎም አይደል፣ ፓስታም አይደል። ሐሙሲት ለሥራ ስሄድ እዚያም ሞከርኩ። ይፋግ ገበያ ደግሞ የቀዘቀዘ ፓስታ በእንጀራ ጠቅልዬ ቆሜ በላሁ። ክፉ አልነበረም፤ ለራበው ሰው ደግሞ ክፉ ምግብ የለም። ግን ሁሉም ከመጠን በላይ የበሰለ፣ ጥርስ ላይ የሚለጠፍ ነበር።

ሰው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት የሚሸጡትን ፓስታ ያገኘሁት በኋላ ነው። ቦታቸው ከመናኸሪያው አጥር ጎን፣ ከአንድ ጎሚስታ ቤት አጠገብ ነበር። ጎማ የሚጠግኑት ባለቤታቸው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የፎገራ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና እየነዱ አስመራ ሲመላለሱ እትዬን እዚያ አገቡ፤ ከዚያም ወደ አገራቸው ይዘዋቸው መጡ። ልጅ አልወለዱም። እኔ ስደርስ እትዬ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን የኖሩት ወረታ ነው።

እትዬ ፓስታ አይሰብሩም። ውሃው ሲንተከተክ ሙሉውን ይለቁትና ራሱ እየለሰለሰ እስኪሰምጥ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንዷን ዘለላ አውጥተው በጥርሳቸው ይቆርጧትና የተቆረጠውን ያያሉ። መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ ስትቀር ወዲያው ያወጡታል። በጾም ቀን በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በዘይት፤ በፍስክ ቀን ጥቂት ሥጋና በርበሬ ይገባበታል። አንዳንድ ደንበኛ አልበሰለም ብሎ ይመልስላቸዋል። እሳቸውም ሳይቆጡ መልሰው ይቀቅሉለታል፤ ሰውየው ሲሄድ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ ቄስ ቆመው ይህ ነገር ለጾም ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁ። እትዬ ከስንዴና ከውሃ እንደሆነ ነገሯቸው። ቄሱ አሰቡ አሰቡና፣ እንግዲያው የረዘመ ዳቦ ነው ብለው ቁጭ አሉ፤ ጨርሰውም መረቁ።

ሦስት ዓመት ምሳዬን እዚያ በላሁ። ሹካ አራት ብቻ ስለነበረ አንዱ የእኔ ሆነ። ታምሜ የቀረሁ ዕለት እትዬ ምግቡን በሳህን ከድነው በጋሼ እጅ ይልኩልኛል። እናቴን በሞት ያጣሁት በልጅነቴ ነው፤ ይህን አልነገርኳቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁኝም። እንዲያው ያወቁ ይመስለኛል።

ከዚያ በሰሜን፣ ከአስመራው መንግሥት ጋር ጦርነት ተነሳ። መጀመሪያ በራዲዮ ብቻ የምንሰማው ነገር ነበር። እትዬ ራዲዮ ሲከፈት ድስቱ ላይ ያጎነብሳሉ። ደንበኞቻቸው እንደ ወትሮው ይመጣሉ፤ ነገር ግን ጨዋታው ቀነሰ።

አንድ ቀን የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ፓስታ አዘዘ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነበር። ሁለት ጉርሻ እንደቀመሰ፣ እንዲህ ያለ ፓስታ ወረታ ላይ ማን አስተማራቸው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ስለ እናቴ ሙያ የተጠየቅሁ ያህል ደስ አለኝ።

“የአስመራ ልጅ ናቸው እኮ” አልኩት።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ጨርሶ በላ፤ አመሰገነና ሄደ። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት መንገደኛ ነበር። እትዬ የየት አገር ሰው እንደሆኑ ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ የቀበሌው መዝገብም ያውቃል። ይህን ስንት ጊዜ ለራሴ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ አንድ ወር አልሞላም። ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ተዘግቷል፤ ጋሼ ጎማ ሊገዙ ባሕር ዳር ሄደዋል። ረፋድ ላይ እትዬ ዘንድ ተቀምጬ ሳለ ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ደንበኛ ነበር፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም። ለጥያቄ ይፈለጋሉ አላቸው። እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ነጠላቸውን አነሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“መምህር፣ ውሃው ሊፈላ ነው። ሲንተከተክ ጨምረው፤ እንዳትሰብረው። እስክመጣ አንተ ድስቷን እያት።”

ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ሄዱ። ውሃው ሲፈላ ፓስታውን ጨመርኩ። አንዷን ዘለላ አውጥቼ እንደ እሳቸው ቆረጥኩና አየሁ፤ ነጥቧ ነበረች። ፓስታውን ግን አላወጣሁትም፤ ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሰዎች መጥተው አለ ወይ ሲሉኝ፣ እትዬ ሲመጡ አልኳቸው። ፓስታው አበጠ፣ ተበጣጠሰ፣ በመጨረሻም ድስቱ ውስጥ ሊጥ ሆነ። ከሰሉ ሲጠፋ ተነስቼ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ የሉም፤ በመኪና ወደ ጎንደር ተወስደዋል አሉኝ።

ለጋሼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ሁለት ጎማ በትከሻቸው ይዘው ነበር። ስነግራቸው ጎማዎቹን አላወረዱም፤ ተሸክመው ቆመው ሰሙኝ። በነጋታው ወደ ጎንደር ተጓዙ። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዱ፤ በየቢሮው የጋብቻ ወረቀታቸውን አሳዩ። ባለቤታቸው ከሌሎች የአስመራ ተወላጆች ጋር በአውቶቡስ ተጭነው ድንበር መሻገራቸውን የነገራቸው አንድ ዘበኛ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከስተው ተመለሱ።

በተመለሱ ማግስት የእትዬን ከሰል አቀጣጠሉ። ሳያቸው ደነገጥኩ። ጎማውስ፣ ማን ይጠግናል አልኳቸው።

“ቦታው ክፍት ከሆነ ሌላ ሰው ይይዘዋል” አሉ ጋሼ። “ስትመጣ የት ትቀመጣለች?”

ጋሼ ምግብ ሠርተው አያውቁም። ሽንኩርቱ ያርርባቸዋል፣ ጨው ይረሳሉ፣ ፓስታው ወይ ጥሬ ነው ወይ ሙክክ ያለ። ደንበኛው አንድ በአንድ ወደ ሌሎቹ ጥላዎች ሄደ። እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ። እንዴት ነው ሲሉኝ ጥሩ ነው እላለሁ፤ እሳቸውም አያምኑኝም፤ ግን ደስ ይላቸዋል። አንዳንድ ቀን ሁለታችን ብቻ ተቀምጠን እንበላለን። አንድ ጊዜ ያንን ሰውና የመለስኩለትን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሼ ግን ሳህኔ ላይ ጨመሩልኝ፤ በላሁ።

እንዲህ ሁለት ዓመት ዘለቁ። ጦርነቱ አለቀ ተባለ፤ ድንበሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ፤ ደብዳቤም አልመጣም። በሦስተኛው መስከረም በፎገራ ሜዳ ወባ በረታ፤ ጋሼንም ያዛቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው፤ አምስት ቀን አስታመምኳቸው። በስድስተኛው ቀን ማለዳ አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ መቃብሩ ላይ የእንጨት መስቀል ተተከለ። በዓመቱ እኔ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርኩ።

ዓመታት አለፉ። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሸበትኩ። ከዚያ በድንገት ሰላም ሆነ ተባለ፤ የስልክ መስመር ተከፈተ፣ አውሮፕላን በረረ። የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ አስመራ ሲሄድ የእትዬን ሙሉ ስምና ዘወትር የሚያነሱትን ቤተ ክርስቲያን ጽፌ ሰጠሁት። ተስፋ አድርጌ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የእህታቸው ልጅ ነበረች፤ ስልኩን ሰጠቻቸው።

ድምፃቸው ቀጥኗል፤ አማርኛቸው ግን ያው የወረታ ነው። መምህር አሉኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ስለ ጋሼ ለመጠየቅ ጊዜ ወሰዱ።

“አለ?” አሉ በመጨረሻ።

ማረፋቸውን ነገርኳቸው። መቼ እንደሆነ ስነግራቸው ዓመቶቹን ድምፅ አውጥተው ቆጠሩ። እሳቸው አስመራ ሆነው ሲጠብቁ ጋሼ ከሞቱ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሆናቸው ነበር።

“ሌላ አላገባም?”

“አላገቡም እትዬ።”

“ማግባት ነበረበት” አሉና አለቀሱ። ስለዚያ ሰው መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። አልተናገርኩም።

ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑኝ። ወረታ ሄጄ መቃብሩን አይቼ እንድነግራቸው ፈለጉ። በሳምንቱ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰፍቷል፤ የእንጨት መስቀሉ የለም። አሮጌው አገልጋይ በእጃቸው ወደ አንድ ጥግ አመለከቱኝ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ። በሁለቱም ቦታ በላዩ ሌላ ሰው ተቀብሮበታል። ስልኩን አውጥቼ ደወልኩላቸው፤ መጠበቃቸውን አውቃለሁና።

“ድንጋይ አለው?” አሉ።

“አለው እትዬ።”

“ስሙ ተጽፎበታል?”

“ተጽፎበታል።”

“የእኔስ?”

“የእርስዎም አለበት” አልኳቸው።

ከዚያ ቀጥታ ድንጋይ ጠራቢ ዘንድ ሄጄ የሁለቱን ስም አስቀረጽኩ። ዓመት ሳይሞላ እትዬ ማረፋቸውን የእህታቸው ልጅ ደውላ ነገረችኝ። ድንጋዩ የሚተከልበትን ቦታ ለይቶ የሚያሳየኝ ሰው ግን አላገኘሁም። አሁንም በቅጥሩ ግንብ ላይ ተደግፎ ቆሟል።