የአስተርእዮ ዕለት ነፋስ

ጋሽ ለሜሳ የደን ጠባቂ ናቸው። ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ባህር ዛፉ መሃል ከተተከለው የእንጨት ማማ ላይ ወጥተው ጭስ ይፈልጋሉ፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው። ለሳቸው ጥሩ ቀን ማለት ምንም ያልታየበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ናፍቆት ሲይዘው እንዴት እንደሚያደርገው እንግዲህ አስቡት።

የናፈቁት ልጃቸውን ቦንቱን ነው። ነርስ ሆና ደምቢዶሎ ከወረደች አራት ዓመቷ፤ እዚያው አግብታ እዚያው ወለደች። ባለፈው ሳምንት ደወለችላቸው።

"አባዬ፣ የሆስፒታላችን መኪና መድኃኒት ሊጭን ይመጣል። ልጄን ይዤ አብሬ እመጣለሁ። ጥር ሃያ አንድን ሸጎሌ ቤታችን ከእናንተ ጋር ውዬ በማግስቱ በንጋት እመለሳለሁ።"

ሽማግሌው ያንኑ ዕለት አለቃቸውን ፈቃድ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ጸጉራቸውን ተቆረጡ፣ ጋቢያቸውን አሳጠቡ። ሲያዩዋቸው ሙሽራ ነው የሚመስሉት።

ምን ዋጋ አለው! በዋዜማው ትንበያው ተነገረ። በከተማዋ ሰሜናዊ ተራሮች ላይ ነገ ኃይለኛ ነፋስ ይጠበቃል፣ የሰደድ እሳት ስጋቱም ከፍተኛ ነው ተባለ። ወዲያው አለቃቸው ደወለ።

"ጋሽ ለሜሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገ ከማማው የሚወርድ የለም፣ ወደ ደኑም ማንም አይገባም።"

ክፉ ሰው አይደለም። እሳቸውም አልተከራከሩትም፤ ደረቅ ባህር ዛፍ በነፋስ ቀን እሳት ከያዘው ሻይ ቀድቶ ለመጠጣት እንኳ ጊዜ እንደማይሰጥ ያውቃሉ።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነፋሱ ማማውን ሲንጠው አረፈደ። አምስት ሰዓት ላይ የቁልፍ ስልካቸው ጮኸ።

"አባዬ፣ አልችል ብዬ መጣሁ። የደኑ በር ላይ መለሱን። አሁን ታች ቁስቋም ቅጥሩ ውስጥ ነኝ፣ ልጄን አዝያታለሁ። ነጠላዬን እያወዛወዝኩልህ ነው፤ አየኸን?"

ጋሽ ለሜሳ ዓይናቸውን አጠበቡ። ቅጥሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሷል። ነፋሱ የሁሉንም ነጠላ እያነሳ ያራግባል፤ ያ ሁሉ ሴት የሚያወዛውዘው ለሳቸው ይመስላል።

"አየኋችሁ እንጂ፣ የኔ እናት። እሷንም አየኋት።"

ዋሽተው አያውቁም አልልም። እንዲህ ሆዳቸውን የበላ ውሸት ግን ዋሽተው አያውቁም።

ከዚያ አንዷን መረጡ። ዛፍ ሥር ብቻዋን የቆመች፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ያዘለች የምትመስል። ደኑን ቃኝተው ሲመለሱ እሷን ያያሉ፤ ደግሞ ቃኝተው ሲመለሱ እሷን። እጃቸውንም አነሱላት። አንዴ ቀና ያለች ሲመስላቸው ደስ አላቸው።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ቦንቱ ደግማ ደወለች።

"አባዬ፣ ሸጎሌ ገባን። እማዬ ምሳ አቅርባለች። አይዞህ፣ ዋናው ተያየን።"

ሴትየዋ ከዛፉ ሥር ንቅንቅ አላለችም።

ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ዞር ብለው ደኑን ማየት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ግን ሴትየዋን እያዩ ጥቂት ቆዩ።

"በይ ደህና ግቢ፣ ልጄ" አሏት።