የኡራሉ ጎማ መፍቻ

አሮጌ ግሪስ ፀሐይ ከመታው ሸራ ጋር ሲሸተኝ መንገድ እቀይራለሁ። ሰሞኑን እዚሁ አዳማ፣ ገመቹ የሚባል ጎረቤቴ ሆቴሉ ግቢ ጠርቶ ያሳደሰውን ኡራል ሲያሳየኝ የሸተተኝ ይኸው ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር ያመላለሰ መኪና ነው፤ ቀለም ቀብቶ፣ አዲስ ሸራ አልብሶ፣ እንግዳ ፎቶ እንዲነሳበት ሊያቆመው ነው። ደልቶት!

የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተልኝ። ክሪኩን ከሻሸመኔ፣ መዶሻውንና ፒንሳውን ከባቱ ለቅሞ አምጥቷል፤ ሁሉም የዘመኑ፣ የኡራል የራሱ ናቸው። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«ጎማ መፍቻው ጠፋ እኮ፣ ጋሼ በቀለ» አለኝ። «የቻይና ሞልቷል፤ እኔ ግን ኦሪጅናሉን ነው የምፈልገው። እርስዎ የድሮ ዕቃ አያጡም።»

አላጣሁም። አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ልስጠው አልስጠው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ያደግሁት ቡልቡላ ነው። ከመንገዱ ዳር የተደረደረው ቲማቲም ሽታ፣ ከሐይቁ በኩል እየነፈሰ ከንፈራችንን የሚያደርቀው ጨዋማ አቧራ፣ የጋሪ ፈረሶቹ ቃጭል ሁሉ ትዝ ይለኛል፤ ግን ወጣት እያፈሱ ለጦርነት የሚወስዱበት ዘመን ነበርና የኡራል ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ይህ ሁሉ ቀጥ ይላል፣ ውሻው እንኳ ጭራውን ቆልፎ ይገባል፣ እናቴም ታላቅ ወንድሜን ሽፈራውን ጓሮ ወዳለችው የእህል ክፍል ገፍትራ በሩን ከውጭ በብረት ቱቦ ትወረውረዋለች። ከውጭ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሽፈራው ከበርበሬው ጆንያ ጋር ተጣብቆ፣ ማስነጠሱን በጋቢ አፍኖ ይውላል። «ጥይት ከሚገድለኝ በርበሬ ይግደለኝ» እያለ ያስቀን ነበር።

አንድ ቀን ኡራሉ አላለፈም። አጥራችን ሥር ጎማው ተንፍሶ ቆመ። ከሸራው ሥር የታፈሱት ልጆች ዓይን ብቻ ይታያል። አዛዡ ሃምሳ አለቃ ወርዶ የጎማውን ብሎን ታገለው፣ እምቢ አለው፤ የዛገ ብሎን መፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ ሰክተው ካላስረዘሙት አይላቀቅም፤ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው።

«እናት፣ ቱቦ ቢጤ አይጠፋም?» እያለ ግቢ ገባ።

እናቴ የለም ማለት ትችል ነበር። ግን ዓይኑ ወደ ጓሮ ሲሄድ አየች፤ በሩ ጋ እንዳይደርስ ብላ ሮጣ ራሷ ከበሩ መዝዛ ሰጠችው። በሩ ደግሞ የተጣመመ ነው፣ ያለ ቱቦው ተዘግቶ አይቆምም። ሲጢጥ ብሎ ተከፈተና ሽፈራው የቀላ ዓይኑን እያሸ ታየ።

«እናትዬ፣ ቱቦ ብንለምን ጉልበት ጨመሩልን!» ብሎ ሃምሳ አለቃው ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ።

ብሎኑን ያስፈቱት ሽፈራውን ነው። ጎማው ሲቀየር «ውጣ» አሉት፣ ወጣ። እናቴ መኪናው ላይ ስትንጠለጠል ፈልቅቀዋት በጥድፊያ ሄዱ፤ መፍቻው ቱቦው እንደተሰካበት አጥሩ ሥር ቀረ።

ሽፈራው አልተመለሰም። እናቴም እኔን ትምህርት ቤት አልሰደደችኝም፤ ከትምህርት ቤትም ያፍሱ ነበርና። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ የሮጥኩት መፍቻው ላይ የተቀረጸውን ላነብ ነው፤ አንዲት ፊደል መለየት ሲያቅተኝ መሃይምነቴ ያልለቀቀኝ መስሎኝ ተሳደብኩ፤ ለካስ ሩስኛ ነው።

ትናንት በጆንያ ጠቅልዬ ይዤለት ሄድኩ። ሽፈራው የጨበጠው ብረት አልጋ ሥር ከሚዝግ ሰው ይየው ብዬ ቆርጬ ነበር። ገመቹ ደስ ሊያሰኘኝ «ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ድምፁን ይስሙት!» አለና ሞተሩን አስነሳው።

እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ከሆቴሉ ጓሮ፣ ከውሃው ሮቶ ጀርባ ተንበርክኬ፣ መፍቻውን ደረቴ ላይ ታቅፌ ነው።

«ጋሼ በቀለ! ኧረ የት ገቡ?» ይላል ገመቹ።

አጠገቤ የዕቃ ማስቀመጫው በር ገርበብ ብሏል። መግባትስ እገባ ነበር። በሩን ከውጭ የሚወረውርልኝ ሰው ግን የለም።