አፉ የተሰፋ ኪስ

የታክሲው ሾፌር የሸሚዙን የግራ ደረት ኪስ አፍ በጥቁር ክር ሰፍቶ ዘግቶታል። ከጎኑ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ስፌቱ ላይ ማፍጠጧ ሲታወቀው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል መለሰላት።

«ከሥሩ የልብ ማሽን ተቀብሮልኛል፣ ልጄ። ስልክ አታስጠጋበት ተብያለሁ። እኔ ደግሞ እረሳለሁ።»

ይኸኔ ስልኩ ከኋላ ወንበር ይጮህ ጀመር። አንገቱን እንኳ አላዞረም።

«ላቀብልዎት?»

«ተይው፣ ሚስቴ ናት። ካነሳሁ እየነዳህ አነሳህ ብላ ትቆጣለች። ካላነሳሁ ልቡ ቆመ ብላ ታለቅሳለች። ለእኔ ቁጣዋ ይሻለኝ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ጭኛለሁ።»

ስልኩ ዝም ብሎ እንደገና ጮኸ። ሰውዬው ፍሬቻ አብርቶ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። ስልኩን ከኋላ አንስቶ ቀኝ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«አይዞሽ፣ አሁን ቆሟል» አላት።

ከወዲያ በኩል የተሰማው ኡኡታ ተሳፋሪዋንም አስደነገጣት።

«መኪናው ነው እንጂ! መኪናው! ልቤማ ይኸው፣ ስሚው!» ብሎ ስልኩን የተሰፋው ኪስ ላይ ሊለጥፍ ሲል፣ ተሳፋሪዋ እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው።

ሰውዬው እጁንም እሷንም አየ።

«እረሳለሁ አላልኩሽም?»