ከግንባር የመጣ ትሪ

የመጋላዋ ሁዶ ሰውን የምትመዝነው ዕቃ በመመለሱ ነው። አፎሻ የሚሉት የሰፈሩ ሴቶች እድር ዕቃ በእሷ እጅ ነው፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ድስቱ፣ ትሪው፣ ፔርሙዙ ከየቤቱ ይሰበሰባል፣ ሲያበቃ እሷው ለየባለቤቱ ትመልሳለች። እንዳይምታታ ብላ እያንዳንዷ ሴት ከዕቃዋ ሥር በጥፍር ቀለም የራሷን ምልክት ታደርጋለች። የሌላ ሴት ምልክት ያለበትን ዕቃ ቤቷ ያስቀረች፣ መጋላ ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም።

እንግዲህ ዑግባድ የዚህች ሴት ልጅ ነው! ከግንባር ሲመለስ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። እሰይ ጀግናው! የግድግዳ ሰዓት፣ የሕፃን ጫማ፣ አበባ ያለበት ትሪ፣ የወጥ ማማሰያ እንኳ አልቀረውም። ታንክ የማረከ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ቡፌው ላይ ደረደረው። ጓደኞቹ በርጫ ሊቅሙ ሲመጡ "አቦ፣ ይሄኛውስ ከየት ነው?" ይሉታል፣ እሱም የከተማ ስም እየጠራ ይኮፈሳል። ማማሰያ ማርኮ መኮፈስ! ወይ ጉድ!

"ማስታወሻ ነው ሆዮ" አላት እናቱን።

"የማን ማስታወሻ? ማማሰያውን የምታስታውሰውስ ወጧን በምን እንደምታማስል የጨነቃት ሴትዮ ናት።"

"ሁሉም ይዟል እኮ!"

"ወላሂ፣ እኔ ወታደር የላክሁ መስሎኝ! ለካ ኩሽና ለኩሽና ስትርመጠመጥ ነው የከረምከው።"

ትሪውን አንስታ ገለበጠችው። ሥሩ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት ነጥብ ተደርጎበታል። እዚያም ሴቶቹ ለሰርግ ይዋዋሳሉ ማለት ነው። አውጥታ እንዳትጥለው የሰው ነው፤ እንዳትመልሰው ወዴት ብላ ትመልሰው? ትታው ወጣች፣ ከዚያ በኋላም በእጇ አልነካችውም።

ሁዶ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ዑግባድ የቱሪያን ልጅ ዱኒያን እንዲያገባላት። ልጅቷ ጨዋ፣ እናቷም የአፎሻው ሴት። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ቱሪያ እሺታዋን ይዛ መጣች። ዑግባድ ደስታው ቢያቅበጠብጠው እናቱን ሳይጠይቅ ሐልዋውን በዚያው ትሪ ደርድሮ አቀረበ። ቂል!

ጨዋታው ደራ፣ ሐልዋው ተበላ። ባዶውን ትሪ ቱሪያ አነሳችና እንደ ልማዷ ሥሩን አየችው። የአፎሻውን ሴቶች ምልክት ሁሉ ታውቃለች።

"ሁዶ፣ ይሄ የማን ነው? የኛ ሴቶች ምልክት አይደለም።"

ዑግባድ እናቱን በልመና ዓይን አያት። "የኔ ነው" ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ሰርጉም ይደገሳል። ሁዶ የልጇን ፊት አየች፣ ዱኒያንም አሰበች።

"እኔ ሴትዮዋን አላውቃትም" አለች። "እሱን ጠይቂው፤ ቤቷ የገባው እሱ ነው።"

ዑግባድ፣ "ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም" አለ።

ቱሪያ ትሪውን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፣ ሻርፗንም ሳበች።

"እኛ ቤት ግን ሰው አለ" አለችና ተነሳች።

ሁዶ ቆዪ አላለቻትም። ተነስታ በሩን ከፈተችላት።