ለምሰሶው ብዬ ያወጣሁት ዙር

ሥራ ልጠይቅ አዲስ አበባ ወደ አንድ የባህል ምግብ ቤት የገባሁት ለአስተናጋጅነት ነበር። ባለቤቷ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ከከሚሴ አልኳት። «እንግዲያው ጭፈራ ትችላለህ» አለችና ያለ ፈተና ተወዛዋዥ አድርጋ ቀጠረችኝ። የትውልድ ቦታ የሙያ ማስረጃ ሆኖ እንደሚቆጠር ያን ቀን አወቅሁ። ማታውኑ መድረክ ላይ ወጣሁ።

የተወዛዋዥ ደመወዝ ከአስተናጋጅ እኩል ነው። የሚያኖረን ሽልማቱ ነበር። ሞቅ ያለው እንግዳ ወደ መድረክ ይወጣና ግንባራችን ላይ ብር ይለጥፋል፤ ላብ ደህና ሙጫ ነው። ዓመታት ሲያልፉ መሪ ተወዛዋዥ፣ ቀጥሎም አሰልጣኝ ሆንኩ። ጓደኞቼ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። ወሩ ሲያልቅ ግን ግራ ገባኝ። አሰልጣኝ መድረክ ላይ አይወጣም፤ መጋረጃ ጀርባ ለቆመ ግንባር ደግሞ ብር የሚለጥፍ የለም። ደመወዜ ጨመረ፣ ገቢዬ ግን ቀነሰ። ባለቤቷን ብጠይቃት «አሁን እኮ አለቃ ነህ» አለችኝ። ይኼ መልስ ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅሁም።

ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ይከብድ ነበር። ጠዋት ልጆቹን አሰልፌ በጭብጨባ አለማምዳለሁ። ማን ከማን ኋላ እንደሚወጣ፣ ከበሮው የት ላይ እንደሚፈጥን፣ ልብስ የሚቀየረው በየትኛው ዘፈን እንደሆነ እወስናለሁ። ከሰዓት በኋላ የቪዲዮ ክሊፕ ካለ ወደዚያ እሄዳለሁ። የክሊፕ ክፍያ በስምምነት ነው ይባላል። ስለ ስምምነቱ የሚወራው ግን ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘፋኙ ስልክ አያነሳም። ስሜ አንድ ጊዜ ክሊፕ መጨረሻ ላይ ወጥቷል፤ «ምስጋና» ከሚለው ሥር፣ መኪና ካዋሰን ሰውዬ ቀጥሎ።

የከሚሴውን ጭፈራ ለመድረክ ሳቀናብር አንድ ችግር ገጠመኝ። እኛ አገር ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆምና እየረገጠ መሃል ላይ ይገናኛል። የምግብ ቤቱ መድረክ ግን መሃሉ ላይ ጣራውን የያዘ ምሰሶ አለው። ልጆቹ እየተጋጩ ሲያስቸግሩኝ፣ ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ጉልበታቸውን ሰበር አድርገው፣ ትከሻቸውን በግራ አዙረው እንዲያልፉ አደረግሁ። እንግዳው ወደደው። አንድ ዘፋኝ ለክሊፑ ወሰደው፤ ክሊፑም በየሻይ ቤቱ ታየ።

ከሚሴ ያለው አባቴ በደወለ ቁጥር ሥራዬ ምን እንደሆነ ይጠይቀኝ ነበር። ወፍጮ ቤት አለው፤ ወንድ ልጁ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሰው ጭፈራ አስተምራለሁ ስለው፣ ጭፈራ የሚማር ሰው አለ ወይ ይለኛል። እህቴ ዘሀራ ልታገባ ስትል ነገሩን ቆረጠው። ለሠርጉ ስመጣ ፊቱ ቆሜ ሥራዬን እንዳስረዳው፣ ካቃተኝ ግን እዚያው ቀርቼ ወፍጮውን እንድረከብ። እሺ አልኩ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ማጣት አልፈለግሁም። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ከሚሴ ድረስ የማስረዳበትን ቃል ስፈልግ ሄድኩ፤ አላገኘሁም።

ሠርጉ የተደገሰው ከከተማው ወጣ ብሎ በጨፋ በኩል፣ ማሽላ የታጨደበት ሜዳ ላይ ነው። ወጣቶቹ ሁለት ረድፍ ሠሩ። እየረገጡ መጡና መሃል ሲደርሱ ሁሉም ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ትከሻውን በግራ አዙሮ አለፈ። ሜዳው ላይ ምሰሶ ቀርቶ ቁጥቋጦ አልነበረም። ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ገባሁና በልጅነቴ እንደማውቀው ቀጥ ብዬ ስረግጥ ከሙሽራዋ ጓደኛ ጋር ተጋጨሁ።

«ሚቲ፣ ጋሼ እንድሪስ፣ እንደሱ አይደለም» አለችኝ በትሕትና። «አዲስ አበባ ቆይተው ረስተውት ነው። የኛ አገሩ እንዲህ ነው።»

ዙሩን ቀስ አድርጋ አሳየችኝ። ትከሻዋ ትንሽ ዘግይቷል። አፌ ላይ የመጣውን እርማት ዋጥኩት።

ጭፈራው ረገብ ሲል አባቴ አጠገቤ መጣ። ደስ ሲለው በኦሮምኛ ነው ልጄ የሚለኝ።

«አየህ፣ ኢልመ ኮ፣ እነዚህን ያስተማራቸው የለም። ወላሂ፣ አያትህም እንዲሁ ነበር የሚዞሩት።»

ከዘራውን አስያዘኝና ጉልበቱን ሰበር አድርጎ በግራ ዞረ። ከልጅቷ ይልቅ እሱ አስተካክሎ ዞረ።

«ሥራዬ ይኼ ነው» አልኩት።

«የቱ?»

«አሁን ያደረግኸው።»

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወፍጮው አላነሳም፤ በኋላም ለዘሀራ ባል ሰጠው። ገብቶት ይሁን ተስፋ ቆርጦብኝ አልጠየቅሁትም። እኔ ወደ ልምምዴ ተመለስኩ፤ ጡረታ በሌለው ሙያ ጉልበቴ እስኪደክም ሠራሁ።

አንድ ነገር ግን ሳይጠራልኝ ቀረ። አያቴ የሞቱት ሕፃን ሳለሁ ነው፤ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሠርግ ይወስዱኝ ነበር ይባላል። ዙሩን ለምሰሶው ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ከእሳቸው ትከሻ ላይ ሆኜ አይቼው ከሆነስ? የሚነግረኝ የለም።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ የምላችሁ ይኼንኑ ነው። በመጀመሪያ በክፍያው ተስማሙ፤ እንቅስቃሴውን ከዚያ በኋላ አሳዩ። አንድ ጊዜ ካሳያችሁት፣ የእናንተ መሆኑን እናንተም እርግጠኛ አትሆኑም።